የቁም ሰው ልክ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ከፍ ብሎ መንገድ ዳር፣ ዙሪያው በቆርቆሮ የተከለለ የአናጢ ቤት አለ። ማስታወቂያ አልተሰቀለበትም። ደጃፉ ላይ በቁመቱ የተደገፈውን ሳጥን ያየ መንገደኛ ሁሉ ምን እንደሚሠራበት ስለሚያውቅ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ባለቤቱ ታከለ ነው። ከተማው ግን ስሙን ብቻውን ጠርቶት አያውቅም። «ታከለ ሳጥን» ይለዋል፣ ሳጥን የአባቱ ስም ይመስል።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቄሱ፣ ቀጥሎ ወደ ታከለ ነው። ታከለ ጫማውን ደጅ አውልቆ ለቅሶ ቤቱ ይገባና ሟቹን ከራሱ እስከ ተረከዙ በሸምበቆ ይለካል። ሸምበቆውን በልኩ ቆርጦ በብብቱ ይዞ ይወጣል። ሜትር እያለው ለሬሳ ሜትር አያወጣም። በቁጥር የተለካ ሰው ቶሎ ይረሳል ይላል፤ ሸምበቆው ግን ራሱ ሰውየውን ያህላል። ቀብሩ ሲፈጸም ያቺን ሸምበቆ ከሳጥኑ ጎን ወደ ጉድጓዱ ይጥላታል። ሜዳ ላይ የቀረ ልክ ሌላ ሰው ይፈልጋል ስለሚባል።

ይህን የሰማሁ ቀን ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ። አንድ ሙሉ ሰው፣ ሳቁና ቁጣው፣ ርስቱና ሙግቱ፣ በመጨረሻ ንፋስ በምታነሣት ሸምበቆ ይወከላል! ከተማው ግን በታከለ አይደነቅም፤ ይጸየፈዋል። በለቅሶ ቀን «እጅህን ይባርከው» ያሉት ሰዎች በማግስቱ ገበያ ላይ ያንኑ እጅ አይጨብጡም። በአንገታቸው ሰላም ብለው ያልፋሉ። ጠላ ቤት የጠጣበት ጣሳ ለብቻው ይቀመጣል። ለሚድረው ልጁ አልጋ፣ ለሱቁ መደርደሪያ የሚፈልግ ሁሉ የታከለን ደጅ አልፎ ሌላ አናጢ ዘንድ ይሄዳል።

ሚስቱ የሞተች ዕለት ሳጥኗን ራሱ ሠራው። ሌላ አናጢ ጠፍቶ ሳይሆን የታከለን ሚስት የሚለካ ሰው ጠፍቶ ነው። እንባውን በክንዱ እየጠረገ ላገው፣ አለሰለሰው። ሳጥኑ ከማማሩ የተነሣ ለቅሶ የመጡት ሴቶች እርስ በርሳቸው፣ «ይሄማ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ቀደም ብሎ አሰናድቶት ነበር» ተባባሉ። አንዲት ልጁ ያምሮት ይህን የሰማችው እዚያው ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ በአጠገባቸው ስታልፍ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር።

ያምሮት አደገች፤ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ቆንጆ ሆነች። ደረሰ የሚባለው የእህል ነጋዴው የአቶ ገነነ ልጅ ወደዳት፤ ሽማግሌ ተላከ። እንደ ወጉ ሁለቱም ወገን ማጫ ይጥላል። ታከለም ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ «አልጋውንና ቁም ሳጥኑን እኔ በእጄ እሠራለሁ። ለዚሁ ብዬ ቆጥ ላይ ያቆየሁት የዋንዛ ጣውላ አለኝ» አለ።

አቶ ገነነ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ታከለ፣ በሬ ካልህ በሬ ይሁን። ጊደርም ካልህ እንቀበላለን። አልጋ ግን ካንተ አንፈልግም። ልጆቹን የምንድራቸው እንዲተኙ ነው እንጂ እንዲጋደሙ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ጣውላ ጣውላ ነው አቶ ገነነ። እጄ ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገ። የለመደ እጅ ነው። እስቲ አንድ የቁም ሰው አንተ በሠራኸው እንጨት መሐል ገብቶ ክረምቱን ይተኛና በጤናው ይውጣ። ያኔ አልጋህን እኔው በትከሻዬ ተሸክሜ ሙሽሮቹ ቤት አስገባዋለሁ።»

እንደገና ሳቁ። ታከለ ግን ቀልዱን እንደ ውል ያዘው። በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ቃል ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ በሽማግሌ ፊት ማላገጥም እንደሚቻል ማንም አልነገረውም። እንግዶቹ ሲወጡ ያምሮት ሳህኖቹን እየሰበሰበች፣ «አባባ፣ ምን ያለማምጥዎታል? በሬውን ይስጧቸውና ይለቁን» አለችው።

«ቃል ሰጥቷል'ኮ» አላት ታከለ።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ግንቦት ሲገባ፣ መንገዱ ገና ክፍት በነበረበት ዘመን፣ ሙሄዲን የሚባል የቡሬ ነጋዴ በአሮጌ ፒካፕ አንድ ጉድ እየጎተተ መጣ። ሙሄዲን ብርድ ልብስና ልብስ ጭኖ ከቡሬ ሽንዲ፣ ከሽንዲ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ደጋውን ወጥቶ ፈረስ ቤት ገበያ ለገበያ የሚዞር፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚሰፋ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ፈረንጆች መኪና ኋላ እየጎተቱ የሚያድሩባትን ትንሽ ተሳቢ አይቶ፣ ከታከለ ቤት ፊት ለፊት ያለውን በያጅ ይሄይስን «እንደዚች አድርገህ ሥራልኝ» ብሎት ነበር። ይሄይስ ከብረትና ከላሜራ ቀጠቀጠለት። ፊቷ ክብ፣ ወደ ኋላዋ እየቀጠነች የምትወርድ፣ ከጎን ሲያይዋት ጉንጭ ላይ ቆማ ልትፈስ ያለች እንባ የምትመስል። መንገድ ዳር ቆሜ አፌን ከፍቼ አየኋት። ጎማ ያላት እንባ! ውስጧ ግን ባዶ ላሜራ ነበር።

ሙሄዲን ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ታከለ ዘንድ ሄደ፤ እጁን ዘረጋ። ታከለ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና አመነታ። ሙሄዲን ራሱ ያዘው።

«እንደምን ከረሙ አያ ታከለ? ጓዳ ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

«ምን ጓዳ?»

«ከዚች ሆድ ውስጥ። ፊቷን መኝታ፣ ኋላዋን ክዳኑ ሲነሣ ማድ ቤት። ሽንዲ ሳድር ትኋን ይበላኛል። ፈረስ ቤት ስወጣ ሥጋ የለኝ፤ የእናንተን አልበላ፣ የእኛ አይታረድ። ሽሮ በልቼ በልቼ ሽሮ መሰልሁ። ናጂሃ ቋንጣውንም በርበሬውንም ድስቱንም በየቦታው ሰድራ ትላከኝ።» ናጂሃ ሚስቱ ናት።

ይሄይስ ከመንገዱ ማዶ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጮኸ፦ «ሙሄዲን! ቡሬ አናጢ አልቆ ነው?»

«የቡሬዎቹ ቺፕውድ ይለጥፋሉ፤ ኮረኮንቹ ያራግፈዋል። የአያ ታከለ ሥራ አፈር ገብቶም አይለቅ ይባላል።»

«ይባላል! አይቶ ተመልሶ የነገረን ግን የለም።»

ሰው ሳቀ። ሙሄዲንም ሳቀ። ታከለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ግን አትፈራም?» አለው።

«ምኑን?»

«እጄን።»

«አያ ታከለ፣ እኛ በከፈን ነው የምንሄድ። ሳጥን አናውቅም። የእርስዎ መደርደሪያ ለእኔ መደርደሪያ ነው።»

ታከለ ዘወር ብሎ መላጊያውን የሚፈልግ መሰለ። መላጊያው እጁ ላይ ነበር። አንድ የቁም ሰው፣ ክረምቱን ሙሉ፣ እርሱ በሠራው እንጨት መሐል! አቶ ገነነ የጠየቀው ይኸው በራሱ እግር መጥቶ ደጁ ላይ ቆሟል።

ልክ የወሰደው በገበያ ቀን ነበር። የላሜራዋን ስፋት በሜትር ለካ። ጉብጠቷን ለመያዝ የቴሌቪዥን ካርቶን እየቆረጠ፣ እያስጠጋ፣ እንደገና እየቆረጠ አንድ ረፋድ ሙሉ ፈጀ። የቀረው መኝታው ነበር። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሚተኛው ሰው እግር ከኋላው መደርደሪያ ሥር መግባት አለበት። «እስቲ ግባና ተጋደም» አለው ሙሄዲንን፤ ሙሄዲን በጎን በር ሾልኮ ገባና በጀርባው ተንጋለለ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ታከለ ያን ጊዜ ስላደረገው ነገር አላሰበም። ያሰበ ሰው አያደርገውም። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እጁ ግድግዳ ላይ ወደተደገፉት ሸምበቆዎች ሄደ፤ አንዱን አነሣ፤ ከሙሄዲን ራስ እስከ ተረከዝ ዘረጋ፤ በካራው ልኩ ላይ ቆረጠው።

የገበያው ጫጫታ ከአጠገባችን ያለው ብቻ ተቆርጦ ወደቀ። አህያዋን የምትነዳ ሴት ቆማ አማተበች። ታከለ የሰውን ፊት አይቶ፣ ከዚያ እጁን አየ። ሸምበቆው ብብቱ ሥር ነበር፤ እዚያም ራሱ ነው የሄደው።

«ሙሄዲን፣ ውጣ!» አለ ይሄይስ። «በቁምህ ተለካህ።»

«ይለካኝ! ከረዘመ ይቆርጥልኛል፣ ካጠረም ይቀጥልልኛል» ብሎ ሙሄዲን እየሳቀ ወጣ። ከቆሙት ግን ማንም አልሳቀም። ወሬው ከሙሄዲን ቀድሞ ቡሬ ገባ፦ ታከለ ሳጥን የቁም ሰው ለካ። ታከለ ያችን ሸምበቆ ምን እንደሚያደርጋት ጨነቀው፤ የምትጣልበት ጉድጓድ የላትም። ምድጃ ውስጥ ከተታት። ይሄይስ ይህንንም አየና «አቃጠለው!» ብሎ አወራ።

ከዚያ ወዲያ ታከለ ወደ ሥራው ገባ። ሙሄዲን ያመጣው ባሕር ዛፍ ከባድ ነበር፤ ሲደርቅም ይጣመማል። ታከለ ቆጡ ላይ ወጥቶ ለያምሮት አልጋ ያቆየውን ዋንዛ አወረደ። ዋንዛ ቀላል ነው፤ አይጣመምም፤ ነቀዝም አይደፍረው። ዛሬ እንዲህ ያለ ዋንዛ ከየትም አይገኝም፤ መቁረጡም ክልክል ነው። ግን ይህቺ ተሳቢ ካላማረች አልጋውም አይኖርምና ወደደም ጠላም መጋዙን አነሣ።

ያ ሥራ ሲወለድ በየቀኑ እየሄድሁ አይቻለሁ። የመደርደሪያዎቹ ጀርባ ከላሜራው ጉብጠት ጋር እጅ ለእጅ እንደተያያዘ ሰው ገጠመ፤ በመካከላቸው ጥፍር አይገባም። መሳቢያዎቹ ሚስማር የላቸውም፤ ጥርስ ለጥርስ ተነካክሰው ነው የቆሙት። መኪናው ሲዘል በሮቹ እንዳይከፈቱ የጎተራ በር መወርወሪያ አምሳያ፣ ከጣት የማትበልጥ፣ ለእያንዳንዱ ቀረጸላቸው። ለድስቱ ክብ ማቀፊያ፣ ለበርበሬው ከእሳቱ የራቀ ጓዳ፣ ለሙሄዲን መስገጃ ምንጣፍ ከራስጌው በላይ ለብቻው መቀመጫ። ቫርኒሹ ሲደርቅ የዋንዛው መልክ ከውስጥ እንደበራ ማር ሆነ። ሰው ሁሉ የሞቱን ብቻ ያዘዘው ሰው ይህን ሁሉ ሕይወት የት አስቀምጦት ኖሯል?

ያምሮት ከሥራ ስትመለስ ገብታ አየች። መሳቢያውን ሳብ አድርጋ መለሰችው፤ ድምፅ አላሰማም።

«አባባ፣ እንዲህ መሥራት ይችሉ ነበር?»

«እችል ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዲህ ያማረው የእማዬ ሳጥን ብቻ ባይሆን ምን ነበር» አለችና ወጣች። ታከለ መሳቢያውን ደጋግሞ ሲያወጣና ሲያስገባ አመሸ።

ሙሄዲን ሰኔ ላይ ወሰዳት። ክረምቱን ተኛባት። ከተማው ደግሞ ክረምቱን ሞቱን ጠበቀ። ከቡሬ የመጣ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሙሄዲን አለ?» ተብሎ ነው። አለ ሲባል የሚያዝኑ ይመስል ነበር። ይሄይስ ጧት ጧት የብየዳ ቤቱን ሲከፍት፣ «አያ ታከለ፣ እንዴት አደሩ? የእኛ ሰውዬስ አደረ?» ይላል።

ነሐሴ ላይ ሙሄዲን ወባ ያዘው። ሽንዲ ላይ ታሞ ቡሬ ተኛ ሲባል ከተማው ውስጥ የሆነውን ሳስታውስ ይዘገንነኛል። በዓል የቀረበ ያህል ሰው ፊት ላይ ደስታ ነበር። ታከለ ሥራ ፈታ። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጧፍ ሲያበራ አዩትና፣ «ለማነው?» አሉት። መዋሸት አያውቅም፤ «ለሙሄዲን» አለ። «ለእስላም ጧፍ አበራ» ብለው ለሳምንት ሳቁበት።

ሙሄዲን ዳነ። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ጉንጩ ሞልቶ ታየ። ታከለ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አቶ ገነነ እህል የሚያስለካበት መጋዘን ሄደ። ያምሮትም ከደረሰ ጋር እዚያው ቆማ ነበር።

«አቶ ገነነ፣ ክረምቱ ወጣ። ሰውየውም በጤናው ወጣ» አለ ታከለ። «ቃልዎን ይዤ መጥቻለሁ። ለአልጋው የሚሆን ሌላ እንጨት እፈልጋለሁ፤ እሠራለሁ።»

አቶ ገነነ መጀመሪያ የትኛው ቃል እንደሆነ አላስታወሰም ነበር። ሲያስታውስ ከተቀመጠበት ጆንያ ላይ ተነሣ።

«ሙሄዲን?»

«ሙሄዲን።»

«ሙሄዲንማ እስላም ነው ታከለ። እነሱ በሳጥን አይቀበሩ። እንጨትህ አላወቀውም፤ ለዚያ ነው የተወው። ክርስቲያን ተኝቶበት ቢሆን ያውቀው ነበር።»

በዙሪያው የነበሩት ተሸካሚዎችና ነጋዴዎች የሊቅ ፍርድ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «እውነት ነው፤ እንዴት አላሰብነውም?» አለ። ታከለ ወደ ያምሮት ዞረ። ያምሮት ስልኳን እያየች ነበር። ስልኳ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ጣቷ ግን አይንቀሳቀስም ነበር።

በኅዳር ሙሄዲን ተሳቢዋን እየጎተተ ተመለሰ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

«ያወልቁልኝ አያ ታከለ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ብርድ ልብሴን የሚነካ ጠፋ። የሬሳ ልብስ ነው ይሉኛል። ሽንዲ ላይ ጎረምሶች ክዳኑን ስከፍት ከፊቴ ተደርድረው፣ ወየው ሙሄዲን፣ ወየው በቁሙ የተለካው፣ እያሉ አልቅሰውልኝ ዋሉ። ደረት የሚመታም ነበረባቸው። መጀመሪያ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ገበያው ሲፈታ አንድ እንኳ እንዳልሸጥሁ አየሁ። እኔ አልፈራሁም፣ ወላሂ አልፈራሁም። ደንበኛዬ ፈራ። ደንበኛዬ ደግሞ የእርስዎ ወገን ነው።»

«ለሌላ አናጢ አትሰጠውም?»

«ይሰብሩታል። እርስዎ ያወልቁት። ያሳዝናል፣ የተደከመበት ሥራ ያሳዝናል።»

ታከለ አወለቀው። ጥርስ ለጥርስ የተነካከሰውን በመሮ እያለዘበ፣ አንድም ጠርዝ ሳይጎዳ ፈታው። ይሄይስ በባዶው ሆድ ውስጥ የብረት ቋሚዎች ሊበይድ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «እንዲያው ሲያስቡት፣ አያ ታከለ፣ ከሳጥንዎ በሕይወት የወጣ የመጀመሪያው ሰው ሙሄዲን ነው» አለና ለሙሄዲን ዐይኑን ጠቀሰው። ሙሄዲን ፊቱን አዞረበት። ሲሄድ ግን ታከለን አልጨበጠውም። ረስቶ ይሆናል።

መደርደሪያዎቹ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ታከለ ወደ ቤቱ አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሊያስጠጋቸው ሞከረ። ጀርባቸው ለዚያች ላሜራ ጉብጠት የተቆረጠ ስለሆነ የትኛውም ቤት ግድግዳ አይቀበላቸውም፤ ሲለቋቸው ወደ ኋላ ይንጋለላሉ። ጣውላውም በጉብጠት ተቆርጦ አልቋልና አልጋ አይወጣውም። ታከለ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ቀደም ብሎ ሸጦ ነበር፤ የቀረውን ለማጫ ሰጠ። የሙሽሮቹ አልጋና ቁም ሳጥን ከባሕር ዳር ተጭኖ መጣ፤ ቺፕውድ ነው፤ መስታወት አለው። ዕቃው ሲወርድ አቶ ገነነ ራሱ ቆሞ አስተናገደ።

ጥር ገባ። ያምሮት አዲስ ኮትና ነጭ ጋቢ ገዝታ ለአባቷ አመጣችለት። ኮቱን አለበሰችው፤ ትከሻውን አቃናች፤ ሰጋቱራ የቀረበት እንደሆነ ጸጉሩን አየች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። እንዳይቆጡኝ።»

«በይ ልጄ።»

«የሠርጉ ቀን ብዙ እንግዳ አለ። የእነ ደረሰ ዘመዶች ከሩቅ ይመጣሉ። እጅዎን ጋቢው ውስጥ ያድርጉት። ሰው ሳያስቸግርዎ፣ እርስዎም ሳይቸገሩ። ሰላምታውን በአንገት ያድርጉት።»

«እነሱ አሉሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች። ሰው በኋላ ያማትን ያህል ክፉ አልነበረችም ሲባል ሰምቻለሁ። ኮቱን ስታቃና እጇ ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ ነበር የሚሠራው፤ ከአባቷ እጅ አይታ የተማረችው እንደሆነ ያስታውቃል። የማን ልጅ እንደሆነች እጇ ራሱ ይናገራል።

«እሺ» አላት።

የሠርጉ ቀን ታከለ ዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጠ። እጆቹ ጋቢው ውስጥ ነበሩ። ሰው እየመጣ ሰላም አለው፣ እርሱም አንገቱን ዝቅ እያደረገ መለሰ። አንዲት ከፈረስ ቤት የመጡ ባልቴት «እንዴት ያለ ጨዋ አባት ነው!» አሉ። አቶ ገነነ በአጠገባቸው ተቀምጦ «እጅግ» አለ።

ሙሽሮቹ የሚወጡበት ሰዓት ሲደርስ እንደ ወጉ ጉልበት ሊስሙ ተንበረከኩ። ያምሮት የአባቷን ጉልበት ሳመች። እልልታው ከፍ አለ። ታከለ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ መረቀ፤ ድምፁ ግን ከእልልታው በታች ነበር። እጆቹ አልወጡም።

ከባሕር ዳር የመጣው ፎቶ አንሺ ይህን ወግ እንጂ የዚህን ከተማ ነገር አያውቅም። ካሜራውን ከዐይኑ አውርዶ እጁን እያወዛወዘ ጮኸ፦

«አባት! አባት፣ እጅዎን! ራሷ ላይ ያድርጉ እንጂ!»

እልልታው ቀስ እያለ ሞተ። ይሄይስ ከኋላ ሳቁን ሲያፍን ተሰማ። ጋቢው ከውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እጁ መጣ፣ ጨርቁን ገፋ፣ ቆመ። ታከለ ልጁን አየ። አሁንም ከጉልበቱ ላይ ነበረች፤ ቬሏ ተንሸራቶ ጸጉሯ ወጥቷል። አንድ ቃል ብትለው ይበቃው ነበር።

ያምሮት ሳትነሣ ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች።

«ይሁን፤ እንዲሁ አንሣው» አለች።

አነሣው።